«አንተ ትልቅ ነህ፣ ተውለት» እና ሌሎች የጨዋታ ሰዓት ስህተቶች

ኬጂ አስተምራለሁ። ወላጆች ልጅ ሊያስመዘግቡ ሲመጡ የሚጠይቁኝ ስለ ፊደልና ስለ ቁጥር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ተራ መጠበቅ፣ መሸነፍ፣ ተጣልቶ መታረቅ የከበደው ልጅ ነው። ልጅ እነዚህን የሚለማመደው ሲጫወት ነው፤ አዋቂ ካላቋረጠው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ «አንተ ትልቅ ነህ፣ ተውለት» የሚለው ፍርድ ነው። ታናሹ መጥቶ መኪናውን ይነጥቃል። ታላቁ ይጮኻል። ከማድ ቤት «ስጠው በቃ፣ አንተ ትልቅ አይደለህ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጩኸቱ ይቆማል። ታናሹ ምን ተማረ? ካለቀስኩ ይሰጠኛል። ታላቁስ? ትልቅ መሆን ማለት መነጠቅ ነው። መጠየቅን፣ መደራደርን፣ መጠበቅን ሁለቱም አልተማሩም። ትልቅ የተባለው ልጅ እኮ ገና አምስት ዓመቱ ነው!

መማታት ከመጣ ወዲያው እጅ ያዙ። ካልሆነ ቀረብ ብላችሁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ «መኪናው አንድ ነው፣ እናንተ ሁለት ናችሁ። እንዴት ይሁን?» ከዚያ ዝም በሉ።

አንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ ሦስት ሴት ልጆች እቃ እቃ ሲጫወቱ በጀበናው ተጣሉ። ሁሉም ቡና ቀጂ መሆን ፈለጉ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «ሦስታችሁም መቅዳት ፈልጋችኋል» አልኩና ዝም አልኩ። ተኮራረፉ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ «እኔ አቦል፣ አንቺ ቶና፣ እሷ በረካ» አለች። አለቀ። በረካ የደረሳት ልጅ ተራዋ እስኪመጣ ሲኒውን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ነበር። ግን ጠበቀች፤ ማንም አላስገደዳትም።

ልጅ ሲወድቅ መሬቱን መምታትም ይቅር። «ማነው የመታህ? ይሄ ነው? እንካ!» ሲባል ልጁ ዝም ይላል፣ እውነት ነው። የሚማረው ግን ሲያመው የሚመታ ነገር መፈለግን ነው። በማግስቱ ጓደኛውን ቢመታ አትገረሙ። «አመመህ፣ ደነገጥክ አይደል?» ብሎ ማቀፍ ይበቃል።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» ለሚሉ፦ ያለቅሳል።

የሁለት ዓመት ልጃችሁ ከሌሎች ልጆች አጠገብ ሆኖ ለብቻው ቢጫወት አትጨነቁ። አሜሪካዊቷ ሚልድረድ ፓርተን በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ይህን ጎን ለጎን መጫወት አንድ የጨዋታ ዓይነት አድርጋ ለይታዋለች። «አብራችሁ ተጫወቱ» ብላችሁ አታስገድዱት።

አኩኩሉ ስትጫወቱም እንዲሁ። የሦስት ዓመት ልጅ «አልነጋም» ብሎ ገና ሳይፈለግ እየሳቀ ይወጣል። ለምን ወጣህ ብላችሁ አትቆጡት። ደስታውን አፍኖ ተደብቆ መቆየት ለእሱ ከባድ ነው። ዛሬ ትንሽ ከቆየ እሰይ በሉት፤ ነገ ይጨምራል።

ገበጣም ሆነ ብይ ስትጫወቱ ሁልጊዜ አትሸነፉለት። አንዳንዴ አሸንፉት፣ ሲያኮርፍ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ከዚያ ድገሙት።

ጨዋታውን በድንገት «ተነስ፣ እንሂድ!» ብሎ ማቋረጥ ደግሞ ለቅሶን መጥራት ነው። ቀደም ብላችሁ «ሁለት ዙር ቀርቶሃል» በሉት። ሁለቱ ዙር ሲያልቅም የምር ሂዱ።