«ትሬን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከሥሩ ለመማር

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ስለደረሰባት የተቆረቆረች ከተማ ናትና፣ በለገሃር ዙሪያ ያደገ ተማሪ «ትሬን» ሲባል ባቡር ብቻ ቢታየው አይፈረድበትም። ይኸው ቃል ግን ስለ ሥልጠናም፣ ስለ ሙሽራ ልብስም፣ ስለ ሐሳብም ይነገራል፤ ፍቺዎቹን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይልቅ በቅድሚያ ሥሩን መፈለግ ይበጃል።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ዋነኛ ምንጩ «ጎተተ» ወይም «ሳበ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ግስ ነው። እኛ ትራክተርና ኮንትራት የምንላቸውም የዚሁ ግስ ልጆች ናቸው።

ሥሩ ከታወቀ በኋላ ፍቺዎቹን በዕድሜያቸው ይደርድሩ፤ ለዚህም ታሪክን ተከትሎ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል፣ ለተማሪ የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘወተረውን ፍቺ ያስቀድማልና። «ትሬን» ከቬሎ በስተኋላ መሬት ለመሬት የሚጎተተው የልብስ ክፍል፣ እንዲሁም ከሹም ኋላ የሚከተል አጃቢ መጠሪያ የሆነው ከባቡር መፈልሰፍ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ ነው። ግሱ ደግሞ ተክልን በተፈለገው አቅጣጫ እየሳቡ ማሳደግን ሲገልጽ ቆይቶ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰውን ወደ ማሠልጠን ተሻገረ። የሐዲዱ ፍቺ የመጣው በ1820ዎቹ ሲሆን፣ የሚያመለክተውም ተያይዘው የሚጎተቱትን ፉርጎዎች ነበር። «ባቡር» በአንጻሩ በዐረብኛ በኩል የደረሰን የእንፋሎት ስም ነውና ሞተሩን ያስቀድማል፤ የእህል ወፍጮም ባቡር መባሉ ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

በአጠቃቀም ረገድ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው በ«ትሬኒንግ» ላይ ነው። በአማርኛ «ሦስት ሥልጠናዎች ወሰድኩ» ማለት ስለሚቻል «ስሪ ትሬኒንግስ» ብለን እንጽፋለን፤ ቃሉ በመደበኛው እንግሊዝኛ የማይቆጠር ስም በመሆኑ «ስሪ ትሬኒንግ ኮርስስ» ማለት ይገባል። በባቡር መጓዝ «ባይ ትሬን» ሲባል ከስሙ በፊት «ኤ» ወይም «ዘ» አይገባም፤ ተሳፍረው ያሉበትን ሲናገሩ ግን «ኦን ዘ ትሬን» ይበሉ። ንግግር መሐል ሐሳብ ሲቋረጥ የሚጠፋው «ትሬን ኦቭ ሶት» ነው፣ እርስ በርሱ እየተሳሳበ የሚሄድ ሐሳብ እንደ ማለት። «ትሬነርስ» የሚለው ቃል በብሪታንያ እንግሊዝኛ ከአሠልጣኞች ሌላ የስፖርት ጫማንም ስለሚያመለክት፣ ፍቺውን ከዐረፍተ ነገሩ አገባብ ይለዩ።