ቲ-ፎር ከፍ አለ፣ ቲኤስኤች ደህና ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው የታመመው?

ድሬዳዋ ላይ ላብራቶሪ የሚሠራ ሰው ግንቦት ሲመጣ የሚሰማውን ያውቀዋል። «ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ታይሮይድ ይሆን?» ድሬ ላይ በግንቦት የማያልበው ማን ነው? ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ለሚቀመጥ ሰውም የልብ መምታትና የእንቅልፍ ማጣት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ምልክቱ ብቻውን አይፈርድም፤ ደም ይታያል።

ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ወረቀቱ ሲወጣ ነው። አንዱ ቁጥር፣ ለምሳሌ የታይሮይድ እጢ ሆርሞን የሆነው ቲ-ፎር፣ ከመደበኛው ወጥቷል፤ ሌላው፣ እጢውን የሚያዘው ሆርሞን ቲኤስኤች፣ ደህና ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ እጢው ጤነኛ ሆኖ የተለወጠው ሆርሞኑን የሚሸከመው ፕሮቲን ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ስለ ተሸካሚዎቹ

አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ በብዛት ቲ-ፎር፣ በጥቂቱ ደግሞ ቲ-ስሪ ያመርታል። ሁለቱም ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሙም። በደም ውስጥ የሚዞሩት ፕሮቲን ላይ ተጣብቀው ነው። ዋናው ተሸካሚ ቲቢጂ ይባላል፤ ጉበት ነው የሚሠራው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም አያያዙ ጠንካራ ስለሆነ የቲ-ፎርን ሦስት አራተኛ ያህል ይዞ ይዞራል። የቀረውን ትራንስታይሬቲንና አልቡሚን ይካፈሉታል። አልቡሚን በደም ውስጥ ሞልቷል፤ ግን ላላ አድርጎ ስለሚይዝ ቶሎ ይለቃል።

ከ10,000 የቲ-ፎር ሞለኪውሎች ማንም ሳይዘው ነፃ ሆኖ የሚገኘው 2 ወይም 3 ብቻ ነው። ሴል ውስጥ ገብቶ የሚሠራው እሱ ነው። የከተማችንን ባጃጅ አስቡ። ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቀፊራ ገበያ ላይ ምንም አይገዛም፤ የሚገዛው የወረደው ነው። «ጠቅላላ ቲ-ፎር» የሚባለው ምርመራ የተሳፈረውንም የወረደውንም ደምሮ ይቆጥራል። «ነፃ ቲ-ፎር» የወረደውን ብቻ ይገምታል። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢም የምትከታተለው ነፃውን ነው። ሲያንስ ቲኤስኤች ትጨምራለች፣ ሲበዛ ትቀንሳለች። ቲኤስኤችን የማምነው ለዚህ ነው።

ተሸካሚ ባይኖርስ? በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአይጥ ጉበት ላይ የተሠራ ሙከራ አለ። ቲ-ፎር ፕሮቲን በሌለው ፈሳሽ ሲገባ መግቢያው አጠገብ ያሉት ሴሎች ጠራርገው ወሰዱት፤ ለኋለኞቹ አልተረፈም። አልቡሚን ሲጨመርበት ለሁሉም ተዳረሰ።

ምልክት፦ ጠቅላላ ቲ-ፎር ከፍተኛ፣ ቲኤስኤች ደህና፣ ሰውዬው ምንም አላለም

አንዲት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ወረቀቷን መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። «አቦ፣ ታይሮይድ አለብሽ አሉኝ።» ጠቅላላ ቲ-ፎር 15 ይላል። ጎኑ ላይ የታተመው መደበኛ መጠን ከ5 እስከ 12 ነው። ቲኤስኤች 1.8።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ክብደት ቀነስሽ እንዴ?»

ሳቋ መጣ፤ ሆዷን በእጇ መታ መታ አደረገችው። «አብሽሪ» አልኳት።

ምክንያቱ ኤስትሮጅን ነው። በእርግዝና ኤስትሮጅን ሲጨምር ጉበት የሚሠራው ቲቢጂ ከደም ቶሎ የማይጸዳ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ይጠራቀማል፤ እርግዝናው አጋማሽ ላይ ሲደርስ እጥፍ ገደማ ይሆናል። አዲሶቹ ተሸካሚዎች መሞላት አለባቸው፣ ጤነኛ እጢም ይሞላቸዋል። ከ16ኛው ሳምንት ወዲህ ጠቅላላ ቲ-ፎር ካልረገዘች ሴት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ቢሆን የሚጠበቅ ነው። ነፃው ግን አይጨምርም። ወረቀቱ ላይ የታተመው ከ5 እስከ 12 ደግሞ ላልረገዘ ሰው የወጣ ነው።

ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንም ይህንኑ ያደርጋል። የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው ኤስትሮጅን የላቸውም፤ እነሱን አትጠርጥሩ። አዲስ የያዘ የጉበት ብግነትም ቲቢጂን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቲኤስኤችና ነፃ ቲ-ፎር ይታይ። የምርመራ ማዘዣው ላይ «ነፍሰ ጡር» ወይም «ኪኒን ትወስዳለች» ተብሎ ይጻፍ። ይህች አንድ መስመር ስንት ድንጋጤ ታድን ነበር! ሁለቱ ደህና ከሆኑ የሚታከም ነገር የለም። ጤነኛ እጢን የሚያፍን መድኃኒት ለነፍሰ ጡር መስጠት ቀልድ አይደለም፤ እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቲኤስኤች ራሱ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያ የእርግዝናው ሆርሞን ሥራ ነው። ቲኤስኤች ጨርሶ ጠፍቶ ነፃ ቲ-ፎርም ከፍ ካለ ግን ነገሩ የእጢው ነውና ሐኪም ጋ ነው።

ምልክት፦ ጠቅላላ ቲ-ፎር ዝቅተኛ፣ ቲኤስኤች ደህና

እዚህ ጋ ተሸካሚው ቀንሷል። እግር ካበጠና ሽንት አረፋ ከበዛበት ኩላሊት ፕሮቲን እያፈሰሰ ይሆናል፤ ቲቢጂም አብሮ ይወጣል። የከረመ የጉበት በሽታ፣ ከባድ የምግብ እጥረት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጋ የወንድ ሆርሞንም ያወርዱታል። እንዲህ ላለ ሰው የታይሮይድ ኪኒን መጀመር ዋናውን በሽታ መሸፈን ነው። የሽንት ፕሮቲን፣ አልቡሚንና የጉበት ምርመራ ይቅደም።

ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ የዘር ሊሆን ይችላል። የቲቢጂ ጂን ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ ጉድለቱ ወንዶች ላይ ጎልቶ ይታያል። በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አይፈልግም። ውጤቱን አስቀምጡና በሚቀጥለው ምርመራ ጊዜ አሳዩ።

ምልክት፦ የታይሮይድ ኪኒኑ ተስማምቶኝ ነበር፤ ካረገዝኩ በኋላ ቲኤስኤች ከፍ አለ

ከሁሉም የማያስተኛው ይሄ ነው። እጢው የተነሳለት ወይም የደከመበት ሰው አዲሶቹን ተሸካሚዎች የሚሞላበት ትርፍ የለውም፤ ያለው በየቀኑ የሚውጣት የቲ-ፎር ኪኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ብቻ ናት። ፅንሱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው። ስለዚህ የወር አበባ መቅረቱ በታወቀ ሰሞን ሐኪም ጋ መሄድ ነው እንጂ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ መጠበቅ የለም። ብዙዎቹ ከ25 እስከ 50 በመቶ ጭማሪ ያስፈልጋቸዋል፤ ለመነሻ በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ኪኒን የሚያዙ ሐኪሞች አሉ። እስከ እርግዝናው አጋማሽ ቲኤስኤች በየአራት ሳምንቱ ይታያል። ከወለደች በኋላ ወደ ድሮው መጠን ይመለሳል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የጀመረችም ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ትመርመር።

አደራ፦ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው አይረን ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ካልሲየምም እንደዚያው። በመካከላቸው አራት ሰዓት ይኑር።

ምልክት፦ ቁጥሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም

ተኝቶ የሚታከም ሰው ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ሄፓሪን ከተወጋ ነፃ ቲ-ፎር በውሸት ከፍ ሊል ይችላል። በተቀዳው ደም ውስጥ የስብ አሲድ ይበዛና ቲ-ፎርን ከተሸካሚው ያስለቅቀዋል፤ ይህ የሚሆነው ብልቃጡ ውስጥ እንጂ ሰውዬው ውስጥ አይደለም። ከተቻለ ደሙ ከመርፌው በፊት ይቀዳ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆኑት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን በተቃራኒው ቁጥሩን ያወርዱታል፤ እዚያ ላይ ዳኛው ቲኤስኤች ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ከተሸካሚዎቹ ጋር ነገር የለውም፤ አንዳንድ መመርመሪያ ማሽኖችን ግን ያሳስታል። ቢያንስ ሁለት ቀን አቁማችሁ ተመርመሩ።

ምልክት፦ ትናንት የታይሮይድ ኪኒኔን ረሳሁት

አትደናገጡ። ተሸካሚዎቹ ቲ-ፎርን ይዘው ስለሚያቆዩት ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል። አንድ ቀን ቢዘለል ደም ውስጥ ያለው ብዙም አይነቃነቅም። ረመዳን ላይ የሚቸገሩ እዚህም ሐረርም ብዙ ናቸው፤ ካፈጠሩ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሊተኙ ሲሉ መዋጥ ይቻላል። በሌላው ጊዜ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጥ። ቡናውም፣ ሻይ በወተቱም፣ ሆጃውም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። መጠኑ የተቀየረለት ሰው በሳምንቱ «ልመርመር» ቢል ገንዘቡን ነው የሚያቃጥለው፤ ቲኤስኤች አዲስ ቦታው ላይ የሚረጋው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው።