ጎንደር ላይ ቆዳችንን ያለ ዕድሜው የሚያስረጁ ስህተቶች

ቆዳ በሁለት መንገድ ያረጃል። አንዱ ዕድሜ ራሱ ነው። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ከሃያዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ይቀንሳል፤ ይህን ማንም አያስቀረውም። ሌላው ከውጭ የሚመጣው ነው፦ ፀሐይ፣ ጭስ፣ ሲጋራ፣ በገዛ እጃችን የምንቀባው ነገር። ፊታችን ላይ ጎልቶ የሚታየው ጉዳት አብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ስለዚህ መከላከል ይቻላል ማለት ነው፤ ችግሩ ጉዳቱ ሲደርስብን አይሰማንም።

ፀሐይን በሙቀቷ መለካት

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። "ዛሬ እኮ ብርድ ነው፣ ምን ፀሐይ አለ?" እንላለን። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ማለትም ቆላ ወርዶ መተማ ላይ ላቡ የሚንቆረቆረው ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ ጎንደር ላይ ነፋሱ ደስ የሚለው ሰው ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጫወታል።

የጥምቀት ዕለት ይህ በደንብ ይታያል። በሌሊት ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚሄደው ሕዝብ ጋቢውን ተከናንቦ ነው። ረፈድ ሲል ጋቢው ትከሻ ላይ ይወርዳል፣ ራስ ይገለጣል። ታቦት ተሸኝቶ ቤት ሲገባ ግንባርና አፍንጫ ይለበልባል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይላላጣል። ቀኑን ሙሉ ግን ማንም "ሞቀኝ" አላለም።

ሐምሌም አያድንም። ከጨረሩ ብዙው ደመናውን አልፎ ይመጣል። የሚበጀው ሰዓት ማየት ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ከባድ ነው። ሰዓት ከሌለዎት ጥላዎን ይመልከቱ። ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል።

"ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም" ማለት

ግማሹ እውነት ነው። ሜላኒን የሚባለው የቆዳችን ቀለም ጨረርን ይከላከላል፤ ለዚህም ነው እኛ ላይ መጨማደድ ከፈረንጆቹ ዘግይቶ የሚመጣው። የእኛ ቆዳ እርጅና መጀመሪያ የሚታየው በሽብሽብ ሳይሆን በቀለም ነው። ጉንጭ ላይ ማድያት ይወጣል፣ ግንባር ከአገጭ ይጠቁራል፣ የብጉር ጠባሳ ጠቁሮ ለወራት ይቆያል። ያን ጊዜ ሰው ፀሐይዋን ይረሳና "ቆዳዬ ምን ነካው?" ብሎ ወደ ኮስሞቲክስ ቤት ይሮጣል። (አልቢኒዝም ያለበት፣ ማለትም ቆዳው ሜላኒን የሌለው ወይም እጅግ ያነሰው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ለእናንተ ነገሩ የመልክ ጉዳይ አይደለም። ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የፀሐይ ክሬም ከሕፃንነቱ ጀምሮ የግድ ናቸው።)

የሚያቀላ ክሬም

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሠርጓ የተቃረበ ልጅ፣ ማድያት ያስጨነቃት እናት፣ "ቀላ ብትይ እኮ ያምርብሻል" የተባለች ተማሪ፣ ሁሉም እዚያው ይደርሳሉ። የሚሰጣቸው አንዳንዴ ስም እንኳ የሌለው፣ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ ቅልቅል ነው። በሁለት ሳምንት ፊት ይጠራል። ሁሉም ይደነቃል።

ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ሐኪም ለበሽታ፣ ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል። ጉንጯን ቀረብ ብለው ቢያዩ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች እንደ ክር ተዘርግተዋል፤ አገጯ ላይ ፀጉር በቅሏል፤ ፀሐይ ስታገኛት ወዲያው ትቀላለች፣ ያቃጥላታል። እንግዲህ ወጣት ለመምሰል የተገዛው ክሬም ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ የአሮጊት ቆዳ አለበሳት ማለት ነው። ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያቀላ መድኃኒት ያለበት ደግሞ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ይተዋል፤ እሱን ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው። ሜርኩሪ ያለበትም አለ፤ ኩላሊት ይጎዳል።

የጀመሩ ሰዎች ደንግጠው በአንድ ቀን አይጣሉት። ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም ፊት ያብጣል፣ በብጉር ይሞላል። ክሬሙን ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ አወጣጡ በደረጃ ነው።

ሎሚና ወላፈን

ሎሚ ፊት ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ለሰላጣው ይተዉት። ማድያት ያለባት ሴት ደግሞ ሙቀት እንደሚያባብስባት ትወቅ፤ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ ወላፈኑን ፊት ለፊት መቀበል፣ ረጅም ወይባ መግባት። ወይባ መግባት ያሳርፋል፣ አልከለክልም። ግን ማድያትዎ ከበረታ ቢያሳጥሩት ይሻላል።

ስስ ነጠላ፣ የመኪና መስኮት

የእናቶቻችን ነጠላና ጃንጥላ ከብዙ ክሬም ይበልጣል። ስሱን ነጠላ ግን ወደ መስኮት ዘርግተው ይዩት። ብርሃን ካሳለፈ ጨረርም ያሳልፋል፤ አጥፈው ይልበሱት። የወንዶች ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም።

መስታወትም ያታልላል። የሚያቃጥለውን ጨረር ይይዛል፤ ዩቪኤ የሚባለውን፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ኮላጅን የሚበላውን ግን ያሳልፋል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አትሞ ነበር። በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ፊቱ በጥልቅ ተሸብሽቧል፤ ቀኙ ደህና ነው። የእኛም መሪ በግራ ነው። ከአዘዞ መተማ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ግራ ጉንጫችሁንና ግራ ክንዳችሁን አስቡ።

የፀሐይ ክሬም በቁንጥር

ዋጋው ውድ ስለሆነ ጠብታ ቀብተን እንወጣለን። ያ በቂ አይከላከልም። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ያስፈልጋል፣ ኤስፒኤፍ (ክሬሙ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ፤ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ማድያት ካለብዎት ቀለም ያለው ይሻላል፤ ማድያትን በዓይን የሚታየው ተራ ብርሃንም ያባብሰዋልና። ገንዘቡ ካልደረሰ አይጨነቁ፤ መጀመሪያ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ይግዙ።

ደረቅ ቆዳ ላይ ቫዝሊን

በበጋ ጎንደር ላይ እጅ ይሰነጠቃል። በልብስ ሳሙና ፊት መታጠብ ይቅር። ቫዝሊን ውኃ አይሰጥም፣ ያለውን እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ስለዚህ ታጥበው ቆዳዎ ገና እርጥብ እያለ ይቀቡት። ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

ሁሉን "እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ

ከወር በላይ የማይድን ቁስል፣ እያደገ ወይም ቀለሙ እየተለወጠ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ፣ ጥፍር ሥር የወጣ ጥቁር መስመር እርጅና ላይሆን ይችላል። እንደኛ ባለ ቆዳ ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግር ነው። እግርዎን ሲታጠቡ ገልበጥ አድርገው ይዩት፤ የወላጆችዎንም እግር ይዩላቸው። አዲስ ነገር ካገኙ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩ።