ሃሞክ ላይ ሸራው ጠበበኝ ለምትሉ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምንኖር ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ብቅ ማለት ለምደናል። ድንኳኑን ትተው ሃሞክ፣ ማለትም በሁለት ዛፎች መካከል የሚሰቀል የጨርቅ መኝታ፣ ይዘው የሚወጡ ሐበሾችም አይጠፉም። ከእነሱ የምሰማው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ሃሞኩ ይመቻል፣ ከላዩ የሚወጠረው የዝናብ ሸራ ግን ይጠብባል። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ ትልቅ ሸራ መግዛት ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። አናቱ 3.4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ሸራ ለአንድ ሰው ይበቃል። ቦታው የሚጠፋው በአወጣጠር ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የሚያስቸግራችሁን ምልክት ለዩና መንስኤውን ከታች ፈልጉ። «አናት» የምለው ከዛፍ እስከ ዛፍ የሚሄደውን የሸራውን ከፍተኛ መስመር ነው።

ስተኛ ሸራው ክርኔንና እግሬን ይነካኛል

ዋናው ቅሬታ ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

ሃሞክ ላይ ቀጥ ብሎ የሚተኛ ሰው ጀርባው ይጎብጣል። ደህና እንቅልፍ የሚገኘው በሰያፍ ሲተኙ ነው። ያኔ ግን እግር በአንድ ጎን፣ ትከሻ በሌላው ጎን ወደ ውጭ ይወጣል። ሸራው የሚነካችሁ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። መንስኤው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ሦስቱም ባንድ ላይ ይገጥማሉ።

አንደኛው የጎኑ ቁልቁለት ነው። ሰው ዝናብ ሲፈራ ሸራውን ወደ መሬት ይጎትተዋል። ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ሸራ በእያንዳንዱ ጎን 1.5 ሜትር ጨርቅ አለው። አናቱ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ነው እንበል። ጎኑ ከመሬት ጋር 60 ዲግሪ ከሠራ፣ ጫፉ ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ላይ ይቀመጣል። ለዝናብ ጥሩ ነው። ችግሩ ከአናቱ 60 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ የውስጡን ስፋት ስትለኩ 70 ሴንቲሜትር ብቻ ታገኛላችሁ። ይሄ በሰያፍ ለተኛ ሰው አይበቃም። ያንኑ ሸራ በ45 ዲግሪ ብትወጥሩት እዚያው ከፍታ ላይ ያለው ስፋት 120 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጫፉ ከመሬት 45 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። በ30 ዲግሪ ደግሞ ስፋቱ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ጫፉ ግን 75 ሴንቲሜትር ላይ ስለሚሰቀል ለጠራ ሌሊት እንጂ ለዝናብ አይሆንም።

መፍትሄው ችካሉን ከሸራው ማራቅና ገመዱን ማስረዘም ነው። ችካሉ ሸራው ሥር ከሆነ ጎኑ መውደቁ አይቀርም። እኔ ለተራ ሌሊት የምመርጠው 45 ዲግሪን ነው። በዓይን ለመገመት ቀላል ዘዴ አለው። ከአናቱ ቀጥታ ወደ ታች ካለው ቦታ እስከ ሸራው ጫፍ ድረስ በእግር ለኩ። ጫፉ ከአናቱ የወረደውን ያህል ወደ ውጭ ከወጣ 45 ዲግሪ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው መንስኤ በአናቱና በሃሞኩ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሸራው ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ቤት ስለሆነ፣ ሰውየው ወደ አናቱ በቀረበ ቁጥር ቦታው ይጠብበዋል። ሃሞኩ ውስጥ ስትቀመጡ መቀመጫው ከመሬት 45 ሴንቲሜትር ያህል፣ ማለትም የተራ ወንበር ከፍታ ላይ ይሁን። የሃሞኩ ጫፎች ከዚያ በላይ 90 ሴንቲሜትር ያህል ላይ ይገኛሉ። ሸራው ከእነሱ አንድ ስንዝር ከፍ ካለ በቂ ነው። ሃሞኩን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ሸራውን እላዩ ላይ መጫን ግን ቦታ ያባክናል። ዛፉ ላይ የሸራውን ገመድ ከሃሞኩ ቀበቶ ለይታችሁ፣ ከበላይ እሰሩት። አንድ ላይ ካሰራችኋቸው ስትቀመጡ ሸራውንም ይዛችሁት ትወርዳላችሁ።

ሦስተኛው ጨርቁ ራሱ ነው። ጥግ ጥጉን ብትወጥሩትም የጎኑ መሃል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ይሄን የሚፈታው የመሃል መጎተቻ ነው። የእድር ድንኳን ሲተከል ጎኑን በገመድ ወደ ውጭ እንደሚስቡት ማለት ነው። ብዙ ሸራዎች በጎናቸው መሃል ላይ ትንሽ የተሰፋች ማሰሪያ አላቸው። ሰው ጌጥ ይመስል አይቶ ያልፋታል። ሸራ ገዝታችሁ ይቺን ማሰሪያ ካልተጠቀማችሁባት የከፈላችሁበትን ቦታ ግማሹን ትታችሁታል።

አጎታተቷ ግን ወሳኝ ነው። ገመዱን ከማሰሪያዋ ቀጥታ ወደ መሬት ከወሰዳችሁት ጨርቁ ወደ ታች ይሳባል እንጂ አይሰፋም፤ ስፌቱም ይጎዳል። ገመዱ ወደ ውጭና በመጠኑም ቢሆን ወደ ላይ መሳብ አለበት። የእግር ጉዞ ምርኩዛችሁን 120 ሴንቲሜትር አድርጉትና ከሸራው ጫፍ አንድ እርምጃ ርቆ አቁሙት። ገመዱን ከማሰሪያዋ አውጡ፣ የምርኩዙ አናት ላይ አንድ ዙር ጠምጥሙት፣ ከዚያ ወደ ችካሉ አውርዱት። ምርኩዝ ከሌለ ምቹ ቦታ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ክርናችሁ አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ይጨመራል፤ ለተኛ ሰው ደግሞ አንድ ስንዝር ብዙ ነው። አንድ ምርኩዝ ብቻ ካላችሁ በእግራችሁ በኩል ላለው ጎን ስጡት። ትከሻን ማንቀሳቀስ ይቻላል፣ እግር ግን አንዴ ከተዘረጋ እዚያው ነው የሚያድረው።

ሸራችሁ የመሃል ማሰሪያ ከሌለውስ? ሸናንዶዋ ውስጥ ከኦክ ዛፍ ሥር ፍሬ ሞልቷል። አንዱን አንሱና ቆቡን አውልቁለት። ከውስጥ በኩል ጨርቁ ላይ አጋድማችሁ ያዙት፤ ሾጣጣው ጫፍ ጨርቁን እንዳይወጋው ወደ ጎን ይዙር። ከውጭ ሆናችሁ ጨርቁን ፍሬው ላይ ሰብስቡት፤ ትንሽ አንገት ይወጣዋል። አንገቱን በቀጭን ሲባጎ ሁለት ዙር ጠምጥማችሁ አጥብቁት። ማሰሪያ ሆነላችሁ። ለስላሳ ጠጠርም ያገለግላል። ጨርቁ አይበሳም፤ ሲፈታ ምልክቱ እንኳ ብዙ አይታይም። ብቻ በኃይል አትሳቡት።

በሸራው ውስጥ በአናቱ ሥር ተሻግረው የሚተከሉ፣ ጎኖቹን ወደ ውጭ የሚያጎብጡ ተጣጣፊ ዘንጎችም ይሸጣሉ። ይሠራሉ። ነገር ግን ክብደት ስላላቸው በጀርባው ተሸክሞ ለሚጓዝ ሰው አልመክርም። መኪናው አጠገብ ለሚያድር ግን ይሁን።

ማታ ደህና ነበር፣ ሌሊት ረግቦ ፊቴ ላይ ወረደ

ይሄ የናይለን ጠባይ ነው። ሲሊኮን የተቀባ ናይለን እርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል። ዝናብም አያስፈልገውም፤ የሸለቆ ጤዛ ይበቃዋል። ማታ ያለ እንከን የተወጠረ ሸራ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆዱ ይንጠለጠላል።

የጥግ ገመዶቹ ላይ የሚለጠጥ ገመድ አስገቡ፤ አንድ ክንድ ያህል ይበቃል። ስትወጥሩ እስከ ግማሹ ድረስ ሳቡት። ጨርቁ ሲረግብ እሱ ይሰበስበዋል፤ እናንተ አትነሱም። ለመሃል መጎተቻው ደግሞ የሚለጠጥ ገመድ ግዴታ ነው እላለሁ፤ ነፋስ ሲመታው ስፌቱን ያተርፍላችኋል። ከመተኛታችሁ በፊትም አንዴ ዞር ብላችሁ አጥብቁ።

ገና ሸራ ልትገዙ ከሆነ ፖሊስተሩን ምረጡ። ሲረጥብ የሚለጠጠው ከናይለን በጣም ያነሰ ነው። ናይለኑ ለተመሳሳይ ክብደት ጠንከር ይላል፤ ለውስጥ ስፋት ግን የማይረግበው ይሻላል።

አናቱ ራሱ ተሰርጉዷል

አናቱ አሥር ሴንቲሜትር ከወረደ ጎኖቹም አብረው ይወርዳሉ፤ ከዚያ ምንም ብታደርጉ ቦታ አይገኝም። የተለመደው መንስኤ ቅደም ተከተል ነው። ሰው ጥጎቹን መጀመሪያ ይቸክልና አናቱን በኋላ ሊያጠብቅ ይሞክራል። አናቱ መቅደም አለበት፤ ጊታር ክር ነክታችሁ እስኪመስላችሁ አጥብቁት። በአንዱ ዛፍ በኩል ገመዱን እሰሩት። በሌላው በኩል ገመዱ ላይ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፣ ጫፉን ዛፉን አዙራችሁ በቀለበቱ አሳልፉትና ወደ ኋላ ሳቡት። የጭነት መኪና ላይ ዕቃ የሚያስሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ በእጅ ብቻ ከመሳብ በብዙ ይበልጣል።

ገመዱ ራሱ ናይለን ከሆነ ደግሞ እሱም ይለጠጣል። ለአናት የፖሊስተር ወይም የዳይኒማ (እምብዛም የማይለጠጥ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር) ገመድ ተጠቀሙ።

አገር ቤት ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቀጭን ባህር ዛፍ ላይ ሃሞክ ሲሰቀል፣ ስትቀመጡ ዛፎቹ ወደ እናንተ ይታጠፋሉ፤ ያኔ አናቱ ይላላል። ወፍራም ዛፍ ምረጡ፣ ካልተገኘም ሃሞኩ ውስጥ ሰው ተቀምጦ እያለ አናቱን ሌላ ሰው ያጥብቀው። መናገሻ ሱባ ያሉት ትልልቅ ጥዶች ይሄ ችግር የለባቸውም። ግንዳቸው ወፍራም ስለሆነ ግን ረዘም ያለ ገመድ ያዙ። ላንጋኖ ከሆነ ደግሞ ሸራውን ከመዘርጋታችሁ በፊት የግራሩን እሾህ ከመሬቱ ላይ ልቀሙ።

ሸናንዶዋ ውስጥ የደረቁ የአሽ ዛፎች በርካታ ናቸው፤ አረንጓዴዋ ጥንዚዛ ፈጅታቸዋለች። የደረቀ ዛፍ ላይ ምንም ነገር አትሰሩ፤ ከሥሩም አትደሩ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሸራው ተሸብሽቧል፣ አንዱ ጠርዝ ላላ ብሏል

ሽብሽቡ ችካሉ የት መሄድ እንዳለበት ይናገራል። የታችኛው ጠርዝ ከላላ በዚያ ጎን ያሉት ሁለት ችካሎች እርስ በርስ ይራራቁ፤ ማለትም ወደ ዛፎቹ አቅጣጫ ይሂዱ። ከአናቱ ጫፍ ወደ ጥጉ የሚወርደው ጠርዝ ከላላ ደግሞ ችካሉ ከሸራው ወደ ውጭ ይራቅ። ሁለቱም ጠርዞች እኩል እስኪጠብቁ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አስተካክሉ።

ራስጌዬና ግርጌዬ ይረጥባል

አብዛኛው ሰው ሸራው አጠረኝ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የረዘመው ሃሞኩ ነው። ሃሞኩን ገትራችሁ ስትወጥሩት ጫፎቹ ከሸራው ይወጣሉ። የሃሞኩ ቀበቶ ከአግድም ወደ 30 ዲግሪ ቢያጋድል በቂ ነው። 3.3 ሜትር ሃሞክ በዚህ አሰቃቀል ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.75 ሜትር አካባቢ ብቻ ይይዛል። ያኔ 3.4 ሜትር አናት ያለው ሸራ በሁለቱም በኩል ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ይተርፈዋል። ሸራው መሃል ላይ መሆኑንም አረጋግጡ። አናቱን በተንሸራታች ቋጠሮ ካሰራችሁት ሳትፈቱት ወዲህና ወዲያ ማንሸራተት ትችላላችሁ።

ውኃው በቀበቶው ላይ እየተንሸራተተ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ከሸራው ሥር ቀበቶው ላይ አጭር ሲባጎ አንጠልጥሉ። ጠብታው በእሱ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ይቀራል።

ሰፋ አድርጌ ከፈትኩት፣ ዝናቡ ገባ

ሁለቱንም ጎን መክፈት አያስፈልግም። ነፋሱ የሚመጣበትን ጎን በ60 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት። ሌላኛውን በሁለት ምርኩዝ እንደ በረንዳ አንሱት። ተቀምጣችሁ ቡና የምታፈሉበት፣ ጫማ የምታወልቁበት ቦታ ይኸው ነው። ሸናንዶዋ ላይ በሰመር ነጎድጓዳማ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ይመጣል፤ ስለዚህ በረንዳው ወደ ምሥራቅ ይዙር። ዝናቡ ከጠነከረ ምርኩዞቹን አውጡና ጥጎቹን እዚያው ችካል ላይ አጠር አድርጋችሁ እሰሩ። ይሄን በጨለማ ማድረግ እንድትችሉ ገመዶቹ ላይ ተንሸራታች ቋጠሮ ይኑር።

በረንዳውን ሳነሳ ችካሉ ይነቀላል

ምርኩዙ ገመዱን ወደ ላይ ስለሚያነሳው ችካሉ ቀጥታ ወደ ላይ ይሳባል። ገመዱን አስረዝሙ፤ ችካሉ ከምርኩዙ ቢያንስ በምርኩዙ ቁመት ልክ ይራቅ። ችካሉን አናቱ ከሸራው እንዲርቅ አጋድማችሁ ምቱት። ተራራው ላይ አፈሩ ሥር ብዙ ጊዜ ድንጋይ አለ፤ ችካሉ አልገባ ካለ ገመዱን ትልቅ ድንጋይ ላይ ጠምጥሙትና ሌላ ድንጋይ ጫኑበት።

ውስጡ ያልበዋል

ሸራው ከላይ ጤዛ፣ ከውስጥ የትንፋሽ እርጥበት ይይዛል። ጎኑን በመሃል መጎተቻ ከሰውነታችሁ ስታርቁት አይነካችሁም። ጫፎቹን እስከ መሬት ዘግታችሁ ከሆነ ነፋስ በሌለበት በኩል ያለውን አንዱን ክፈቱት፤ አየር ከገባ ላቡ ይቀንሳል። ጠዋት ሸራውን ከማጠፋችሁ በፊት በጨርቅ ጠርጉት፤ እርጥቡን ሸክፋችሁ ከሄዳችሁ እቤት ስትደርሱ አንጠልጥላችሁ አድርቁት።