በአሜሪካ መንግሥት እጅ ያለውን የራስዎን ፋይል እንዴት ይጠይቃሉ?

በስደተኝነት፣ በጥገኝነት፣ በዲቪ ወይም በቤተሰብ ቪዛ ወደ አሜሪካ የመጣ ሰው ሁሉ በመንግሥት እጅ ፋይል አለው። ከመምጣቱ በፊት የሞላው ቅጽ፣ ለኢሚግሬሽን ኦፊሰር የሰጠው ቃል፣ አሻራው፣ ፎቶግራፉ፣ ከዚያም በኋላ ለሥራ ፈቃድና ለግሪን ካርድ ያስገባው ማመልከቻ በአንድ የመለያ ቁጥር ሥር እየተከማቸ ይሄዳል። ይህ «ኤ ነምበር» የሚባለው፣ በኤ ፊደል ጀምሮ ከሰባት እስከ ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን በግሪን ካርድዎ ወይም በሥራ ፈቃድ ካርድዎ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክቱ ወይም ቤተሰብዎን ለማስመጣት ወረቀት ሲያስገቡ፣ እርስዎ ቅጹን የሚሞሉት ከትዝታ ነው፤ ፊት ለፊትዎ የሚቀመጠው ኦፊሰር ግን ያንን ፋይል ከፍቶ የዛሬ ቃልዎን ከቀድሞው ጋር ያመሳክራል። ስለዚህ ለአዲስ መጪ ወገኖቼ አጥብቄ የምመክረው፣ ከባድ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት መንግሥት ስለ እናንተ የያዘውን ፋይል ቅጂ አውጥታችሁ እንድታነቡ ነው።

ይህን ለመጠየቅ መብት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ፎያ» ተብሎ የሚጠራው የመረጃ ነጻነት ሕግ ነው። ሕጉን ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፈረሙት በ1966 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 4 ቀን ሲሆን፣ መብቱ የተሰጠው ለዜጎች ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው። ግሪን ካርድ የሌለው፣ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለምን እንደፈለገው ምክንያት እንዲያቀርብም አይገደድም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግላዊነት ሕግም የራስን መዝገብ ለማየት መብት ይሰጣል፤ ሆኖም እርሱ በዋናነት የሚያገለግለው ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን በመሆኑ አዲስ መጪው አብዛኛውን ጊዜ የሚደገፈው በፎያ ነው።

ብዙዎቻችን «ፋይሌን ብጠይቅ ዓይን ውስጥ እገባለሁ» ብለን እንሰጋለን። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዶ ሰነድ መጠየቅ ነገር መፈለግ መስሎ በሚታይበት ኑሮ ውስጥ ያደገ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። በአሜሪካ ግን ጥያቄውን የሚቀበለው ሰነድ ፈልጎ የሚሰጥ ክፍል ነው፤ ስለ ማመልከቻዎ የሚወስነው ኦፊሰር ሌላ ነው። የጥያቄው ብዛትም ከፍተኛ በመሆኑ የእርስዎ ደብዳቤ ለእነርሱ የዘወትር ሥራ ነው። ነገር ግን የአገር ማስወጣት ትእዛዝ የተላለፈበት፣ ቀጠሮ ያመለጠው ወይም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው አድራሻውን በጥያቄው ላይ ማስፈሩ አይቀርምና አስቀድሞ ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የተሰጠው ወኪል ማማከር አለበት።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ጥያቄው ለማን ይቅረብ የሚለው ነው። ሁሉንም ሰነድ የሚሰጥ አንድ መስኮት የለም፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው በእጁ ያለውን ብቻ ነው። የኢሚግሬሽን ፋይልዎ የሚገኘው የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት በሆነው ዩ ኤስ ሲ አይ ኤስ ዘንድ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍተው ጥያቄውን ማስገባት፣ የት እንደደረሰ መከታተልና ሰነዱንም በዚያው ማውረድ ይችላሉ። ወደ አገር ውስጥ የገቡበትን ቀን የሚያሳየውን «አይ 94» የተባለውን መዝገብ ግን በፎያ መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት ለዚሁ ባዘጋጀው ድረ ገጽ የፓስፖርት ቁጥርዎን አስገብተው የቅርብ ጊዜውን ወዲያውኑ በነጻ ያወጡታል። ጉዳይዎ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከታየ የችሎቱን መዝገብ ፎያ ሳይጠይቁ በቀጥታ ከፍርድ ቤቱ አስተዳደር መጠየቅ ይቻላል። ኤምባሲ ያስገቡት የቪዛ ሰነድ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እጅ ነው፤ የቪዛ መዝገብ በሕግ ምስጢራዊ ስለሆነ ከዚያ ብዙ መጠበቅ አይገባም፤ እርስዎ ራስዎ ካቀረቡትና ከተላከልዎት ሰነድ ያለፈ አይሰጥም። የግብር ማስረጃ ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይ አር ኤስ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ የወንጀል ታሪክ ማጠቃለያ ደግሞ አሻራ ሰጥተው 18 ዶላር ከፍለው ከኤፍ ቢ አይ የሚያወጡት ነው።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ አጭርና ግልጽ ይሁን። ሕጉ መሥሪያ ቤቱን የሚያስገድደው ያለውን ሰነድ ፈልጎ እንዲሰጥ እንጂ ጥያቄ እንዲመልስ ወይም አዲስ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ አይደለም። «ጉዳዬ ለምን ዘገየ?» ብሎ የሚጽፍ ሰው መልስ አያገኝም። «በዚህ ቀን ያስገባሁት የጥገኝነት ማመልከቻ ከነአባሪዎቹ፣ የቃለ መጠይቁ ማስታወሻ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተላኩልኝ ደብዳቤዎች» ብሎ ሰነዱን በስሙ የሚጠራ ግን ፈላጊው ምን እንደሚፈልግ ያውቅለታል። ሙሉ ፋይሉን መጠየቅም ይቻላል፤ የተወሰነ ሰነድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ያንን ለይቶ ቢጠይቅ ጥያቄው ቀላል ተብሎ ፈጠን ባለው ተራ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልዩ ችግር ይመጣልና ጥቂት ልቆይበት። አሜሪካ የምትመዘግበው በቤተሰብ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባትና በአያት ስም ነው። በአንዱ ቅጽ ላይ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። ኃይለ ማርያም የሚለው ስም ለሁለት ተከፍሎ «ማርያም» ብቻውን የቤተሰብ ስም ይሆናል። ፀሐይ አንድ ጊዜ በቲ እና በኤስ፣ ሌላ ጊዜ በኤስ ብቻ ይጻፋል። የመጀመሪያ ስሙ ቦታ ባዶ ሆኖ የተገኘ ሰው ደግሞ «ኤፍ ኤን ዩ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ትርጉሙም የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ፈላጊው በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ከፈለገ ፋይሉ የለም የሚል መልስ ሊመጣ ስለሚችል፣ እስከ ዛሬ የተጻፉባቸውን አጻጻፎች በሙሉ፣ በስደተኞች ካምፕ የተመዘገቡበትንም ጭምር፣ በጥያቄው ላይ ይዘርዝሩ። የእናትና የአባት ስምም ይጨመር።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ልደቱ ጁላይ 12 ቀን 1990 ነው። ሐምሌ አሥራ አንደኛ ወራችን በመሆኑ በአማርኛ ሰነዱ ላይ 5/11/1982 ተብሎ የተጻፈለት እንደሆነ፣ ወርን ከቀን የሚያስቀድመው አሜሪካዊ ጸሐፊ ሜይ 11 ቀን 1982 ብሎ ያነበዋል። በአንድ መስመር ላይ ሰውየው ከስምንት ዓመት በላይ ያረጃል። እንዲህ ያለ ነገር ተፈጥሮ እንደሆነ ከጠረጠሩ ሁለቱንም ቀን ጽፈው ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዱ።

የራስዎን መዝገብ ሲጠይቁ ማንነትዎን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ይህም ሐሰት ብናገር በሕግ ልጠየቅ ብሎ በመፈረም ወይም ፊርማ በሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት በመፈረም ይፈጸማል። ጠበቃ ወይም ዘመድ የሚጠይቅልዎት ከሆነ የፈቃድ ፊርማዎ ያስፈልጋል። ሕጉ ለግል ጉዳዩ የሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያውን የሁለት ሰዓት ፍለጋና 100 ገጽ ቅጂ ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ለዩ ኤስ ሲ አይ ኤስ ጥያቄውን ማስገባቱም ገንዘብ አይጠይቅም። «ፋይልህን አስወጣልሃለሁ» ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥምዎት ይህን አስቀድመው ይወቁ።

መሥሪያ ቤቱ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል፤ ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም ሌላ 10 የሥራ ቀን መጨመር ይችላል። በተግባር ግን ለረጅም ጊዜ አልተከበረም። በካሊፎርኒያ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የኢሚግሬሽን ፋይል ጥያቄዎች በሕጉ የጊዜ ገደብ ውስጥ እንዲመለሱና የተከማቹትም እንዲጠናቀቁ ያዘዘው በዚሁ መዘግየት ምክንያት ነው። ቀኑን ቆጥሮ መጠየቅ መብት ነውና የጥያቄዎን ቁጥር በጥንቃቄ ይያዙ። በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ቀጠሮ ያለው ሰው ደግሞ የቀጠሮውን ወረቀት ቢያያይዝ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች በተለየው የፈጠነ ተራ ውስጥ ይገባል።

ፋይሉ ሲደርስ አንዳንድ ገጾች በጥቁር ተሸፍነው፣ ጥቂቶቹም ሙሉ በሙሉ ተወግደው ያገኛሉ። በተሸፈነው ቦታ አጠገብ ያለው ፊደልና ቁጥር ሕጉ ካስቀመጣቸው ዘጠኝ ልዩ ሁኔታዎች የትኛው እንደተጠቀሰ ያመለክታል፤ 6 ቁጥር የሌላ ሰውን ግላዊነት፣ 5 ቁጥር የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ምክክር ይመለከታል። መሸፈኑ አላግባብ ነው ብለው ካመኑ፣ ወይም መኖሩን የሚያውቁት ሰነድ ከቀረ፣ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላሉ። ከይግባኙ ጎን ለጎንም በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሥር ያለው የሸምጋይ ቢሮ ያለ ክፍያ ያግዛል።

አንባቢው ሊዘለው የማይገባው ሥራ ማንበቡ ነው። በስደተኝነት የመጡ አንድ አባት ፋይላቸው ደርሶ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ አንብቤላቸዋለሁ። ቃለ መጠይቃቸው በተመዘገበበት ገጽ ላይ የልጆች ቁጥር አራት ይላል። ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ ስጨርስ ዝም አሉ፤ ከዚያም ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ አሳርፈው «ታናሿስ የት ሄደች?» አሉኝ። ልጅቷ በዚያን ጊዜ ከአያቷ ጋር ትኖር ነበርና አስተርጓሚው «አብረውህ ያሉ ልጆች» ብሎ ሳይጠይቃቸው አልቀረም። ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ለማስመጣት የሚያመለክትበት ጊዜ ከገባበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ነው፤ እርሳቸው ይህን ያወቁት ጊዜው ሳያልፍ ስለነበረ ከጠበቃ ጋር ሆነው ምክንያቱን በቃለ መሐላ አስረድተው፣ የልጅቷን የክርስትናና የትምህርት ቤት ወረቀት አያይዘው አስገቡ።

ከፌዴራል መንግሥት ውጭ ያለው ጉዳይ፣ ለምሳሌ የፖሊስ ሪፖርት ወይም የከተማ አስተዳደር ሰነድ፣ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይገዛል። ዋሽንግተን ዲሲ 15 የሥራ ቀን፣ ቨርጂኒያ 5 የሥራ ቀን፣ ሜሪላንድ 30 ቀን ይሰጣሉ። ክፍለ ግዛቶች መብቱን ለራሳቸው ነዋሪዎች ብቻ መወሰን እንደሚችሉ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያን ሕግ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ወስኗል፤ ስለዚህ የመኖሪያ አድራሻዎን በጥያቄው ላይ ይጻፉ። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት በዚህ መንገድ አይገኝም፤ ለዚሁ የተለየ ቢሮ አለው።

በፋይሉ ውስጥ ስሕተት ካገኙ ፎያ ራሱ አያርመውም፤ ቅጂ ከመስጠት አልፎ አይሄድም። በካርድዎ ላይ ያለ የፊደል ወይም የቀን ስሕተት በዩ ኤስ ሲ አይ ኤስ የእርማት ጥያቄ ይቀርብበታል። የቀድሞ ቃል ከአሁኑ የሚለይ ከሆነ ግን በሚያስገቡት አዲስ ማመልከቻ ላይ ልዩነቱን ራስዎ ቀድመው ይግለጹ፤ ስሕተቱ የሚገኝበትን ገጽ ቅጂ ያያይዙ፤ ቃለ መጠይቅ ሲገቡም ያንኑ ገጽ በእጅዎ ይያዙ።