እንሶስላን ጫካ ውስጥ እንዴት እንለየዋለን?

እንሶስላ ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው እጅ ነው። ሥሩ ከገበያ ይገዛል፣ ይላጣል፣ ይወቀጣል፣ እጅና እግር ላይ ተደርጎ ተጠቅልሎ ያድርና ጠዋት ሲፈታ ያ ቀይ ቀለም ይወጣል። አበባውን ታውቁታላችሁ ወይ ብሎ ለጠየቀ ግን መልስ የለም። እኔም እንሶስላ እየሞቅሁ ያደግሁ ሰው፣ ጫካ ውስጥ ሳገኘው አላወቅሁትም። ፎቶ አንስቼ አለፍኩ። ምን እንደሆነ የገባኝ ቤት ገብቼ ፎቶውን ለእናቴ ሳሳያት ነው።

መጀመሪያ ወቅቱን አትሳቱ። ዝናብ ሲገባ ከሥሩ ይበቅላል፣ ክረምቱ ከገፋ በኋላና መስከረም አካባቢ ያብባል። በጋ ላይ ላዩ ይጠፋል፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ይተኛል። በየካቲት ሄዳችሁ የለም ብትሉ ጥፋቱ የናንተ ነው።

ቀጥሎ ውሃ ፈልጉ። አበባውን ከፈለጋችሁ ቀኑን ሙሉ ትዞራላችሁ፣ ውሃ ከፈለጋችሁ ግን እሱ ራሱ ይመጣል። ደጋና ወይና ደጋ ላይ የተፈጥሮ ደን ሲኖር፣ እነ ዝግባ፣ እነ ኮሶ ያሉበት፣ ወደ ጅረቱ ውረዱ። ፀሐይ እየተቆራረጠ የሚገባበት፣ መሬቱ በቅጠል ብስባሽ የጠቆረ፣ ጫማ የሚያረጥብ ቦታ ነው ቤቱ። ባሕር ዛፍ ስር አትድከሙ። ሱሪያችሁ ረጅም ይሁን፣ ሳማም እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል።

አሁን አገዳውን እዩ። ወፍራም ነው፣ ውሃ የቋጠረ፣ ሲጫኑት የሚሰበር ዓይነት። ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል። ቅጠሉ ትልቅ ነው፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተቆራረጠ፣ አገዳው ላይ ፊት ለፊት ሳይሆን እየተፈራረቀ ይወጣል።

አበባው ነጭ ነው፣ ሰፊ፣ ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል። ግን ከፊት ብቻ አትዩት። ዞር ብላችሁ ከኋላው ስታዩ ቀጭን፣ ወደታች የታጠፈ ጭራ አለው፣ ከመሃል ጣት ሊረዝም ይችላል። የአበባው ማር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ንብ አትደርስበትም፣ ምላሷ የረዘመ የሌሊት ቢራቢሮ ናት የምትደርሰው። ነጭ የሆነውም፣ አመሻሽ ላይ ሽታው የሚጎላውም ለእሷ ነው። እኔ ነጩን አበባና ያን ረጅም ጭራ አንድ ላይ ካየሁ በቃ፣ ሌላ ምልክት አልፈልግም።

የሚያደናግሩ ዘመዶች አሉት። ቀይ አበባ ካያችሁ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓሸንስ ሮቲይ የሚባለው ሊሆን ይችላል፣ እሱንም አትናቁት፣ በጣም ያምራል። አጠር ብሎ ትንንሽ ሮዝ አበባ ያለውም ሌላ ነው። ሂና ደግሞ ጭራሽ ዘመዱ አይደለም። ሂና ቆላ የሚወድ ቁጥቋጦ ነው፣ ቀለሙም ከቅጠሉ እንጂ ከሥሩ አይመጣም።

ፍሬ ይዞ ካገኛችሁት ቀስ ብላችሁ ንኩት። የበሰለው ፍሬ ጣታችሁ ላይ ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። እንሶስላና ዘመዶቹ የሚጋሩት ኢምፓሸንስ የሚለው የላቲን ስም ትዕግሥት የለሽ ማለት ነው፣ ከዚሁ የመጣ። ሙሉ ስሙን ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ብሎ በ1847 እንደ ፈረንጆቹ የሰየመው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አሺል ሪሻር ነው፣ ቲንክቶሪያ የሚለውም ከማቅለም ጋር የተያያዘ ቃል ነው። የኛ እናቶች ይህን ለማወቅ ላቲን አላስፈለጋቸውም።

አትቆፍሩት እሺ። ሥሩ ከወጣ ተክሉ የለም ማለት ነው፣ መሞቅ ለፈለገ ገበያ አለ፣ ጓሮው የሚተክልም አለ። ፎቶ ስታነሱ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጎን አንሱ፣ አለበለዚያ ጭራው አይታይም። ቦታውንም ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ ሥሩን ማንም ካልነካው በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ታገኙታላችሁ።