ከጥንት አፅም ሥር የአንጀት ትል እንቁላል እንዴት ይፈለጋል?

ትሉ ከሬሳው ጋር ይበሰብሳል፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው እንቁላሉ ግን ሺህ ዓመት ሊሻገር ይችላል። ሐኪሙ ማርክ አርማንድ ሩፈር በ1910 እ.ኤ.አ. ከግብፅ ሙሚያዎች ኩላሊት የቢልሃርዚያ እንቁላል ማግኘቱን አሳውቋል። ከአፅም ብቻ በቀረ መቃብር ደግሞ የሚፈተሸው አፈሩ ነው።

አፈሩን አፅሙ ከመነሳቱ በፊት ይውሰዱ። አንጀት ሲበሰብስ ይዘቱ የሚያርፈው ከዳሌው መሃል ባለው የሳክረም አጥንት ላይ ስለሆነ፣ አጥንቱን የነካውን አፈር ጠርገው ይሰብስቡ። አጥንቱ አንዴ ከታጠበ ማስረጃው አብሮ ሄዷል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በማነጻጸሪያ ናሙና ጉድለት ነው። ከዚያው አፅም ራስ ቅልና እግር አካባቢ፣ እንዲሁም ከመቃብሩ ውጭ አፈር ይውሰዱ። ፍሳሽ ወይም ፍግ የገባበት መሬት ራሱ እንቁላል ይኖረዋል፤ በራስ ቅሉም በዳሌውም እኩል ከተገኘ ስለ ሟቹ ምንም አይናገርም። በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሌስተር ከተማ የተገኘው የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ አፅም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከሳክረሙ አፈር የወስፋት እንቁላል ሲገኝ ከራስ ቅሉ አልተገኘም፣ ከመቃብሩ ውጭም የታየው እጅግ ጥቂት ነበር። ድምዳሜውን ያስቻለው ይህ ልዩነት ነው። መጀመሪያ ማነጻጸሪያዎቹን፣ በመጨረሻ የዳሌውን ይውሰዱ፤ በየመሃሉ ጓንት ይቀይሩ፣ ማንኪያውን ይጠቡ። እርጥብ አፈር ሙቀት ላይ ካደረ ይሻግታል፤ ሻጋታም ቅርፊቱን ይበላል።

5 ግራም ትራይሶዲየም ፎስፌት (አፈሩን የሚበታትን ጨው) በ1 ሊትር የተጣራ ውኃ ያሟሙ። 0.2 ግራም አፈር ጨምረው እስኪበታተን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ አልፎ አልፎ እየነቀነቁ ያቆዩት። የደረቀ ዓይነ ምድር ከሆነ 72 ሰዓት ይፈልጋል። መፍጨት አያስፈልግም፤ እንቁላሉን ይሰብራል። ኖራ ለማሟሟት አሲድ የሚጨምሩ አሉ፤ ጠንካራ አሲድ እንቁላሉን ሊጎዳ ስለሚችል ወንፊት ብቻውን ይሻላል። በ300፣ በ160 እና በ20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ወንፊት በተከታታይ ያጥልሉና 20ው ላይ የቀረውን ይያዙ። በደንብ ያልታጠበ ወንፊት የትናንቱን እንቁላል ለዛሬው ናሙና ያወርሳል፤ ስለዚህ በየመሃሉ ንጹሕ ውኃ አሳልፈው ያንንም በማይክሮስኮፕ ይዩ።

ዝቃጩን ከግሊሰሪን ጋር ቀላቅለው በ200 እጥፍ ይፈልጉ፣ በ400 ይለኩ። ትሪኩሪስ የተባለው የአንጀት ትል እንቁላል 50 ማይክሮን ያህል ርዝመት ያለው፣ ሁለት ጫፉ በውታፍ የተዘጋ በርሜል ይመስላል፤ ሲያረጅ ውታፎቹ ወድቀው ቀዳዳው ብቻ ይቀራል። የወስፋት ከ45 እስከ 75 ማይክሮን ይደርሳል፤ ጎርበጥባጣው የውጭ ልባሱ ሲላጥ ለስላሳ ስለሚሆን ከአበባ ብናኝ ጋር ያምታታል። የኮሶ ትል ክብ፣ ከ30 እስከ 40 ማይክሮን፣ ቅርፊቱ ከመሃል ወደ ዳር የተሠነጠረ ነው፤ የበሬውን ከአሳማው በእንቁላል ብቻ መለየት አይቻልም። የሰውና የአሳማ ወስፋትም በእንቁላል መልካቸው አይለዩም።

ጂያርዲያና አሜባ በዚህ መንገድ እምብዛም አይገኙም፤ ሽፋናቸው ስስ ነው። ለእነሱ የተወሰነ አፈር ሳይነካ አስቀርተው በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል በሚሠራ የላቦራቶሪ ምርመራ) ፕሮቲናቸውን ይፈልጉ።